ራስቤሪ ፓይ 3 ቢ ፕላስ፦ በዊንዶውስ 98 እና በዛሬው ኔትወርክ መካከል

የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው አሮጌ ኮምፒውተር የማይጥልበት ምክንያት አለው። የእኔው ፔንቲየም 2 ዊንዶውስ 98 እንደተጫነበት ጥግ ይዞ ተቀምጧል። በፓወር ግእዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፉ የእድር መተዳደሪያ ደንቦች፣ የሠርግ ጥሪዎችና የመመረቂያ ጽሑፎች ሁሉ እዚያ ናቸው። የእድር ዳኛ መጥተው «ያን ጊዜ የጻፋችሁልን ደንብ አንቀጽ ይሻሻልልን» ሲሉ ፋይሉን ማግኘት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ከዚያ ማውጣቱ ነው። ፍሎፒ ዲስክ 1.44 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል፤ ጤነኛ ፍሎፒ ማግኘትም ዘበት ሆኗል። ዊንዶውስ 98 ፍላሽን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር አያውቀውም፤ ቢያውቀውም ከጽሑፍ ቤት ጽሑፍ ቤት የሚዞር ፍላሽ ምን ይዞ እንደሚመጣ የሙያው ሰው ያውቃል።

ኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ አለው፤ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ለምን አይገናኝም የሚል ይኖራል። ኬብሉማ ይገባል። ነገር ግን ዊንዶውስ 98 ፋይል የሚለዋወጠው ኤስኤምቢ 1 በሚባለው አሮጌ ስልት ነው። ዋናክራይ የተባለው ጥቃት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው በዚህ ስልት ቀዳዳ ገብቶ ነው፤ ከዚያው ዓመት መገባደጃ ጀምሮም ዊንዶውስ 10 አዲስ ሲጫን ኤስኤምቢ 1 አብሮ አይመጣም። አሮጌውን ለማስደሰት ሲባል የአዲሶቹን ኮምፒውተሮች በር መክፈት ደግሞ፣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 98ን መደገፍ ካቆመ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ለማንም የምመክረው ነገር አይደለም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሽማግሌ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ሽማግሌው ራስቤሪ ፓይ 3 ቢ ፕላስ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ የተቆረጠለት ዋጋ 35 ዶላር ነበር፤ እዚህ ዋጋው ነጋዴው እንዳለው ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ይለምን። ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ሰሌዳ ሆኖ ሁለቱንም የምፈልጋቸውን ነገሮች ይዟል፦ የኬብል ወደብና ዋይፋይ። በኬብሉ ወገን አሮጌው ኮምፒውተር ብቻ ይገናኛል፤ የሚገናኘውም በተራ የኔትወርክ ኬብል ነው፤ ገመዱ የተጠላለፈ ልዩ ኬብል አያስፈልግም። በዋይፋዩ ወገን የቤቱ ራውተር አለ። ሳምባ የተባለው ነፃ የፋይል ማጋሪያ ሶፍትዌር ኤስኤምቢ 1ን እንዲቀበል አድርጌ በኬብሉ በኩል ብቻ እንዲሠራ ወሰንኩት፤ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ያንኑ አቃፊ ኤስኤፍቲፒ በሚባለው የተመሰጠረ የፋይል ማስተላለፊያ ስልት ይከፍቱታል። ሳምባ በነባሪው አሮጌውን ስልት ስለማይቀበል ቅንብሩን በእጅ መጻፍ ግድ ነው። ራስቤሪ ፓይ የሚሠራበትን ሊኑክስ ነክቶ የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ የሚያውቅ ይጥራ። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ማሻገሩን ዘግቼዋለሁ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ከራስቤሪ ፓይ በቀር ማንንም አያይም።

ውጤቱ ደስ ይላል። ዊንዶውስ 98 ላይ «ኔትወርክ ኔበርሁድ» የሚለውን ስከፍት ራስቤሪ ፓይ እንደ ማንኛውም የዘመኑ ሰርቨር ተቀምጦ ይጠብቀኛል፤ ፋይሉን ጎትቼ እጥላለሁ፣ ዞር ብዬ በአዲሱ ኮምፒውተር አነሳዋለሁ። ፋይል ወጣ ማለት ግን ፊደሉ ተነበበ ማለት አይደለም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት ቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የእኛ የድሮ ጽሑፎች ከዚያ ሥርዓት ውጭ ስለሆኑ፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ናቸው። ይህን ራስቤሪ ፓይ አያስተካክልም፤ መለወጫ ፕሮግራም ሌላ ጉዳይ ነው።

ያልጠበቅሁት ነገር ድረ ገጽ ላይ መጣ። የዊንዶውስ 98 አሳሽ የዛሬዎቹን የተመሰጠሩ ገጾች መክፈት አይችልም። ደብልዩአርፒ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ራስቤሪ ፓይ ላይ ተቀምጦ ገጹን ራሱ ይከፍትና ሥዕል አድርጎ ይልከዋል፤ ሥዕሉ ላይ ሲጫኑ ሊንኩ ይሠራል። መጀመሪያ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣ ነበር። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን ፎንት ራስቤሪ ፓይ ላይ ስጭን፣ ዩኒኮድ አማርኛ ምን እንደሆነ በማያውቀው ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ዜና ሀሁው ሳይዛነፍ ተዘረጋ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ አይታ «ጋሼ፣ ይህ ማሽን አማርኛ መቼ ተማረ?» አለችኝ። አልተማረም፤ የሚያየው ፎቶግራፍ ነው። ደግሞም ቀርፋፋ ነው፤ 1 ጊጋባይት ራም ለዛሬ ድረ ገጽ ጠባብ ነው። ለጉድ ማሳያ ይሆናል እንጂ ለሥራ አይሆንም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ይህ ሰሌዳ መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት ሰፈር አልተሠራም። ማጥፊያ ቁልፍ የለውም፤ ሥርዓቱ የሚቀመጠው በሚሞሪ ካርድ ላይ ስለሆነ መብራት በድንገት ሲሄድ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። መድኃኒቱ በራሱ ቅንብር ውስጥ አለ፦ «ኦቨርሌይ» የሚለው ሲበራ ካርዱ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። የደንበኛ ፋይል እንዳይጠፋ ግን አቃፊውን በሌላ ፍላሽ ላይ ማድረግ ያሻል። ቻርጀሩም ነገር አለው። የሚጠይቀው 2.5 አምፔር ነው፤ ከስልክ ቻርጀር ላይ ሲሰኩት ስክሪኑ ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት እያሳየ ያጉረመርማል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። የራሱን ቻርጀር አብሮ መግዛት ቁጠባ ነው። የሰዓት ባትሪም የለውም፤ ኢንተርኔት ካላገኘ ትክክለኛውን ሰዓት አያውቅም።

ለመግዛት የምታስቡ፣ ለዚህ ሥራ ራስቤሪ ፓይ 4 ትርፍ ወጪ ነው። ዜሮ 2 ደብልዩ ርካሽ ቢሆንም የኬብል ወደብ ስለሌለው ተጨማሪ አስማሚ ያስገዛል። ኮምፒውተራችሁ የኔትወርክ ካርድ ከሌለውና በሲሪያል ወደብ ልታገናኙ ከሆነ ደግሞ፣ የሲሪያሉን ገመድ በቀጥታ ከሰሌዳው እሾሆች ጋር አታያይዙ፤ እሾሆቹ የሚችሉት 3.3 ቮልት ብቻ ነው፣ የድሮው ወደብ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይልካል። የዩኤስቢ ሲሪያል አስማሚ ግዙ።