የአበባ ሻጯ አፍና የእኔ «አንች»

«ማይ ፌር ሌዲ» የሚባለውን የድሮ ፊልም ፒያሳ ካለች አንዲት ፊልም ቤት ፍላሽ ላይ አስጭኜ መጣሁና ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብለን አየነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ 10 ደቂቃ ነው የሚቀረው! መሃል ላይ መብራት ሄዶ፣ እስኪመጣ ቡናው በረካ ደረሰ።

ለንደን ውስጥ አበባ እየሸጠች የምትኖር ኢላይዛ የምትባል ልጅ አለች። ሂጊንስ የሚባል የአነጋገር ሊቅ ነኝ ባይ ደግሞ አፏን በ6 ወር አስተካክዬ እመቤት አስመስላታለሁ ብሎ ይወራረዳል። ኮሜዲ ነው፣ ግን እኔን ሳቁ ቶሎ አልመጣልኝም። አዲስ አበባ ሥራ የገባሁ ሰሞን «አንች» ባልኩ ቁጥር ቢሮው በሳቅ ያልቅ ነበር፤ ማታ ማታ ብቻዬን «አንቺ፣ አንቺ» እያልኩ ስለማመድ የከረምኩትን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ኢላይዛ አፏ ውስጥ ብይ ጠቅጥቀውባት ሲያናግሯት፣ አንዱን ስትውጠው፣ አክስቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች።

የፈረስ ውድድሩ ግን ገደለን። ሰዉ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ፈረሶቹ ሲያልፉ ንቅንቅ አይልም። አክስቴ «ጉግስ ነው ለቅሶ?» አለች። ኢላይዛ ብቻ ናት ጨዋነቷን ረስታ ፈረሷ ላይ የምትጮኸው።

ዘፈኖቹ ጥሩ ናቸው፣ ግን አንድ ነገር ይከነክናል። ኢላይዛን የምትሠራው ኦድሪ ሄፕበርን አፏን ታንቀሳቅሳለች እንጂ አብዛኛውን የዘፈነችው ማርኒ ኒክሰን ናት። በፈረንጆቹ 1956 ብሮድዌይ መድረክ ላይ ኢላይዛን የሠራችው ጁሊ አንድሪውስ ነበረች፤ ለ1964ቱ ፊልም ግን አለፏት። ፊልሙ 8 ኦስካር ሲወስድ ሄፕበርን እጩ እንኳ አልሆነችም፣ የምርጥ ተዋናይቷን ሽልማት በሌላ ፊልም የወሰደችው ማን ትሆን? አንድሪውስ! ሂጊንስን የሚሠራው ሬክስ ሃሪሰን ደግሞ ከመዝፈን ይልቅ ቀረርቶ እንደሚያሰማ ሰው እያወራ ነው የሚወርድበት፣ ያምርበታል።

ትዕግሥት የሌለው ይህንኑ ታሪክ የያዘውን፣ ከቲያትር የተወሰደውን የ1938ቱን ፊልም «ፒግማሊየን» ይይ። ዘፈን የለውም፣ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የቲያትሩ ደራሲ በርናርድ ሾው ራሱ በጽሑፉ ተሳትፎ ኦስካር አግኝቶበታል። እዚያ ኢላይዛን የሠራችው ዌንዲ ሂለር ለእኔ ከሄፕበርን ትበልጣለች፤ የእውነት ጎዳና ላይ ያደገች ትመስላለች።

የ«ማይ ፌር ሌዲ» መጨረሻው አልጣመኝም። ሂጊንስ ኢላይዛን ያን ሁሉ ሰድቧት፣ ተመልሳ ስትመጣ «ነጠላ ጫማዬ የት አለ?» ነው የሚላት። አክስቴ ስኒዎቹን እየሰበሰበች፣ «እግር የለውም እንዴ፣ አንች?»