የአዲስ ዓለሙ ሸማኔ ቤት፦ ለልጄ ጋቢ ያሠራሁበት ሱቅ

በጎንደር ከተማ ጋቢ መግዛት የሚፈልግ ሰው ዕቃ አጥቶ አይቸገርም፤ ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ያሉት የባህል ልብስ መደብሮች ዝግጁውን ደርድረው ይጠብቁታል። እቤቱ የተፈተለ ማግ ይዞ «ይህን ሥሩልኝ» የሚልበት ቦታ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ መጥቷል። በአዲስ ዓለም ሰፈር አንድ አረጋዊ ሸማኔ ከልጃቸው ጋር የሚሠሩባት ጠባብ ሱቅ ከቀሩት ጥቂቶች አንዷ ናት። ዘንድሮ ከጎንደር ርቆ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባው የበኩር ልጄ ጋቢ ያሠራሁት እዚያ ነው።

ስለዚህ ሥራ አፌን ሞልቼ የምናገረው እኔም የሸማኔ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሰም ላይ ማግ ማጠንጠን የእኔ ድርሻ ነበር፤ ጠርዙ የተሳበን ሸማ ከሩቅ መለየት የተማርኩትም ያን ጊዜ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ቢሆንም፣ «ቁጢት በጣሽ» የሚለው የሸማኔ ስድብ እስከ እኔ የልጅነት ዘመን ድረስ ከሰው አፍ አልጠፋም ነበር። አባቴ ሁላችንንም አስተምሮ ሸማኔ እግሩን አስገብቶ ከሚሠራበት ጉድጓድ ያራቀን ይህ ስም እንዳይከተለን ብሎ ይመስለኛል። እነሆ እኔ የቢሮ ሠራተኛ ሆኜ ዕድሜዬ ሃምሳን ሊደፍን ነው፤ ልጆቼ አያታቸውን የሚያውቁት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ልጄን ወደ ሱቁ ይዤው የሄድኩት፣ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ያደግንበትን እንጀራ በዓይኑ እንዲያየው ፈልጌ ነው።

ማጉን የፈተለችው እናቴ ናት። ከመተማ የመጣውን ጥጥ ራሷ ዳምጣ፣ ነድፋ፣ በእንዝርት ፈትላ በየልቃቂቱ ጠቅልላ ስታስቀምጠው ከርማለች፤ ዓይኗ እየደከመ በመሄዱ ግን የመጨረሻዎቹ ልቃቂቶች ክራቸው እዚህ ቀጥኖ እዚያ ይወፍራል። ሌላ ቦታ ወስጄው «ይህ አይሠራም፣ የፋብሪካ ክር ግዛ» ተብዬ ነበር። የአዲስ ዓለሙ ባለሙያ እያንዳንዱን ልቃቂት ፈታ አድርገው፣ ክሩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል እየሳቡ መረመሩና ለሁለት ከፈሉት። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ እኩል የሆነውን ማግ ለውጪው፣ ወፍራሙን ለውስጠኛው አደረጉት። «የእናትህ እጅ ነው ልጄ፤ ወፍራሙ እንዲያውም ያሞቀዋል» አሉኝ። ድሩ እንደ ዛሬው ልማድ የፋብሪካ ክር ነው፤ ይህንንም ሳይደብቁ አስቀድመው ነግረውኛል።

ደንበኛ ቁጭ ብሎ ሥራውን እንዲያይ መፍቀዳቸው ከሌሎቹ ሱቆች ይለያቸዋል። እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ሲያፈራርቅ፣ መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ ሲያልፍ፣ ልጄ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ብዙ ቆየ። በኋላ «አያቴ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነበር የሚውለው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን አልኩት፤ የእኔ የትምህርት ቤት ደብተርም የእህቶቼ ጫማም ከዚያ መወርወሪያ እንደወጣ ነገርኩት። ሽማግሌው ቀሰም አቀብለውት ማጉን እንዲያጠነጥን ፈቀዱለት፤ ሲላላበትም ሳይቆጡ መልሰው አሳዩት። ልጅን ለማስተማር ጊዜ የሚሰጥ ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ይህን ማመስገን ይገባኛል።

የተጠናቀቀውን ጋቢ ስረከብ መጀመሪያ ያየሁት ጠርዙን ነው። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ሁለቱ ወርድ የተጋጠመበት ስፌትም እጅ ሲዳስሰው አይጎረብጥም። ጥለቱ እንዳዘዝኩት ቀጭን ነው። ወፍራሙ ማግ ውስጥ ስለገባ ከውጪ አይታይም፤ ሲለበስ ግን ከገበያው ጋቢ ይልቅ ከበድ ይላል፣ የጎንደርን የክረምት ብርድም ይችላል። ባለሙያው በረኪና እንዳይነካው አስጠንቅቀውናል፤ እናቴም ነጭ ልብስ ለማጠብ ከእንዶድ የሚበልጥ የለም ባይ ናት።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ጋቢው ከቀጠሮው ዘግይቶ ደረሰ፤ ልጄ ለመሄድ በተቃረበበት ሰሞን በመሆኑ ብዙ አስጨንቆኛል። ቀብድ ሲቀበሉ ደረሰኝ አይሰጡም፤ የደንበኛው ስምና ትእዛዝ የሚጻፈው አንድ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የከፈሉትንና የተስማሙበትን ቀን እዚያው ሆኖ በራስ ማስታወሻ መያዝ ያስፈልጋል። የእጅ ዋጋውም ርካሽ አይደለም፤ ማጉን ከቤት ወስጄ እንኳ ለድሩና ለሥራው የከፈልኩት ዝግጁ ጋቢ ከሚሸጥበት እምብዛም አላነሰም። ለፋብሪካ ክር ጋቢ ብሎ ይህን ያህል መክፈልና መጠበቅ አይመከርም፤ የእናት ወይም የአያት ፈትል እቤቱ ያለው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ የሚያከብርለት እጅ አያገኝም ብዬ አምናለሁ።

ለጥምቀት ነጠላ ወይም ቀሚስ የሚያሠሩ ሰዎች ትእዛዛቸውን እስከ ኅዳር መጀመሪያ ቢያደርሱ ይሻላል፤ ታኅሣሥ ከገባ በኋላ አዲስ ሥራ አይቀበሉም። ዓርብ ቀትር ላይ ሱቁ ለጁምዓ ሶላት ስለሚዘጋ ሌላ ቀን መሄድ ይመረጣል።