የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው

ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ የምትመጡ ወገኖቼ በመስቀል አደባባይ ጥግ የሚገኘውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሳታዩ እንዳትመለሱ እለምናችኋለሁ፤ ለመግባት ብላችሁ ግን ለማንም ሰባራ ሳንቲም አትክፈሉ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ሙዚየም የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ የፈቀደ ሰው የሚችለውን የሚጥልበት ሣጥን ብቻ ነው ያለው።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው። ስሙን ልጠራው የማልፈልገው፣ መኪና ከነሾፌሩ ያቀረበልኝ አስጎብኚ ድርጅት «የሙዚየም መግቢያ» ብሎ በነፍስ ወከፍ በዶላር ያሰላውን ሒሳብ አስቀድሞ ተቀብሎኛል። በሩ ላይ ደርሰን ቲኬት የሚቆርጥ ሰው አለመኖሩን ስናይ ሾፌሩን ብጠይቀው መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ነው አለ፤ ማቆሚያውንም እኔው እንደከፈልኩ ሳስታውሰው ወደ ቢሮ ደወለ። ቢሮው ደግሞ ዋጋው ጥቅል ስለሆነ ተነጣጥሎ እንደማይታይ ከገለጸልኝ በኋላ «ለዲያስፖራ ይቺ ምን አላት?» ሲል ጨመረበት። ከገንዘቡ ይልቅ ያበሸቀኝ ይህች አነጋገር ናት፤ ከአገሩ ርቆ የኖረ ሰው ሁሉ ሲመጣ የሚታለብ ላም ነው እንዴ? ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ግማሹን፣ ያውም ራሳቸው በመረጡት ምንዛሪ፣ በብር መለሱልኝ። በምኖርበት በዋሽንግተን ያለው የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየምም መግቢያው ነጻ ነው፤ እዚያ ግን ነጻውን በር ሊሸጥልኝ የሞከረ ሰው አላጋጠመኝም።

ወደ ሙዚየሙ ስመለስ፣ የገጠመን መስተንግዶ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ያስጎበኙን አባት በዚያ ዘመን ታስረው የተረፉ ሲሆኑ፣ ውጭ አገር ተወልደው አማርኛው ለሚከብዳቸው ልጆቼ ሳይሰለቹ በሁለት ቋንቋ እያስረዱ፣ ከንጉሡ መውረድ ጀምረው በሚያዝያ 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እዚያው በራፉ ላይ ባለው አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እስከ ሰባበረበት ቀን ድረስ ወሰዱን። ወፌ ላላ የሚባለው የማሰቃያ ግርፋት ምን እንደሆነ ሲያሳዩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ወላጆች የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ይጠየቁ እንደነበር ሲናገሩ ግን ትንሽ ቆም አሉ። የዋሽንግተኑ ሙዚየም ለጎብኚው የአንድ ተጠቂ ታሪክ የተጻፈበት ካርድ ያድላል፤ እዚህ ታሪኩን የሚነግራችሁ የደረሰበት ሰው ራሱ ነውና፣ ሕንጻው በስፋት ባይወዳደርም እኔ ይህኛውን አስበልጣለሁ።

በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ፎቶግራፎች አብዛኞቹ የወጣቶች ናቸው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከጅምላ መቃብሮች የወጣው አፅምና ልብስ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ትንንሽ ልጆች የያዘ ሰው እዚያ ክፍል ከመግባቱ በፊት ቢያስብበት ይሻላል፤ የእኔ ታናሽ ልጅ ከወንድሙ ጋር ውጭ መጠበቅን መርጧል።

ለጉብኝቱ ከአንድ ሰዓት በላይ መድቡ፤ የእኛ ሾፌር በግማሽ ሰዓት ሊያስወጣን ቸኩሎ ነበር። ቦታው መሀል ከተማ ስለሆነ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይበቃችኋል፤ ለድርጅት ልትከፍሉት ያሰባችሁትንም ሣጥኑ ውስጥ ጣሉት፣ ለሚያስጎበኟችሁም ሰው በእጃቸው ስጡ።