ለክረምት የትኛው ዲሽ ይሻላል? 60፣ 90 ወይስ 180 ሳንቲ ሜትር

በሐምሌና በነሐሴ ዶፉ ሲወርድ የቴሌቪዥኑ ሥዕል እየተቆራረጠ የሚጠፋብዎት ከሆነ፣ ዲሽ ለመቀየር መርካቶ ከመውረድዎ በፊት አንድ ነገር ያስተውሉ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ሥዕሉ መቼ ይመለሳል? ዶፉ እንዳለፈ ከተመለሰ ሲግናሉን ያደከመው ዝናቡ ነው፤ ትልቅ ዲሽ ይረዳል። ፀሐይ ወጥታ ጣሪያው እስኪደርቅ ካልተመለሰ ውኃ የገባው ጃኩ (የኬብሉ ጫፍ ማገናኛ)፣ ኬብሉ ወይም ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት የሚሰቀለው ሲግናል ተቀባይ) ውስጥ ነው፤ የዲሽ ስፋት አይፈታውም። ከደረቀ በኋላም ካልተመለሰ ንፋስ ዲሹን አዙሮት ሊሆን ይችላል።

60 ወይስ 90?

ቁጥሩ የዲሹ ዲያሜትር ነው፤ የ90ው የገጽ ስፋት ግን የ60ው 2.25 እጥፍ ነው፤ ይህም 3.5 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ያህል ተጨማሪ ሲግናል ያስገኛል። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር በሚወርድ ዝናብ 60ውና 90ው የሚቀበሉት የኬዩ ባንድ ሞገድ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ2 ዴሲቤል በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ 90ው ሞገዱ በዶፍ ውስጥ የሚያልፈውን የአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል መንገድ የሚሸፍን ተጨማሪ መጠባበቂያ አለው ማለት ነው። 60ው የሚቆረጥበትን መካከለኛ ዝናብ ያልፋል፤ በከባድ ዝናብም የሚጠፋበትን ጊዜ ያሳጥራል። በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ግን 90ውንም ይቆርጠዋል። "በጭራሽ አይቆረጥም" የሚልዎትን ሻጭ አይመኑ።

90ው የሚያስከፍለው ሌላ ዋጋም አለ። ንፋስ የሚገፋው ስፋቱ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የሚያይበት ማዕዘን ደግሞ ከ3 ዲግሪ ገደማ ወደ 2 ይጠባል። በላላ ማቆሚያ ላይ የተተከለ 90፣ በደንብ ከታሰረ 60 የባሰ ይሆናል። ቆርቆሮ ላይ አይምቱት፤ ብሎኬት ወይም አርማታ ላይ በፊሸርና በብሎን ይታሰር፣ ቱቦውም በቱንቢ ይለካ።

ኢትዮሳት ወይስ ናይልሳት?

ብዙ ገዢ የማያስበው ይህን ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው፣ የሀገር ውስጥ ቻናሎች የሚተላለፉበት ኢትዮሳት ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለው ናይልሳት ግን 37 ዲግሪ ገደማ ብቻ። ዝቅ ብሎ የሚመጣው የናይልሳት ሞገድ ዝናቡ ውስጥ የሚጓዘው መንገድ የኢትዮሳቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። የሀገር ውስጥ ቻናል ብቻ ለሚያይ ቤት በጥሩ ኬብል የተዘረጋ 60 ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁለቱንም የሚፈልግ 90ውን ለናይልሳት ያድርገው።

180ው የሲ ባንድ ዲሽ

4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚሠራ ዝናብ እምብዛም አይነካውም፤ በዚህ ከሁሉም ይበልጣል። ግን የሚይዘው ቻናል ሌላ ነው፤ በጠባብ ግቢ ደግሞ ቦታ የለም። የሚፈልጉት ቻናል ሲ ባንድ ላይ ካልሆነ አይግዙት። ከገዙም፣ ወደ ላይ በጣም ቀና ሲል ድፍኑ ላሜራ ውኃ ሊያቁር ስለሚችል ቀዳዳ እንዳለው ይዩ፤ ወንፊት መሰሉ ዲሽ ይህ ችግር የለበትም።

ኤልኤንቢና ኬብል

የኤልኤንቢው ካርቶን ላይ "0.1 ዴሲቤል" (ራሱ የሚጨምረው ኖይዝ፣ ማለትም የሲግናል ሁከት) ስለሚል ብቻ ተጨማሪ ብር አይክፈሉ። በ0.1 እና በ0.2 መካከል ያለው ልዩነት በዶፍ ውስጥ አይታወቅም፤ ዝናቡ ራሱ ከዚያ የበለጠ ኖይዝ ይጨምራል። ይልቅ የፊቱ ክዳን ያልተሰነጠቀና በደንብ የተጣበቀ መሆኑን ይመልከቱ።

የተረፈው ብር ኬብል ላይ ይውጣ። አርጂ 6 የሚባለውን የዲሽ ኬብል ሲገዙ ትንሽ ማግኔት ይያዙ፤ የመሐል ሽቦውን ከሳበው ብረት በመዳብ የተለበጠ ነው። ለ10 ሜትር ችግር የለውም፤ ከአራተኛ ፎቅ ጣሪያ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ግን ወደ ኤልኤንቢው የሚሄደው 18 ቮልት መንገድ ላይ ይቀንሳል፤ የተቆረጠው ጫፍም እርጥበት ሲነካው ይዝጋል። ሙሉ መዳቡ ይሻላል።

ጃኩ ላይ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ይንቀሉ። የመሐል ሽቦው ከጃኩ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይውጣ፤ ዙሪያውን ካለው ጥልፍ ሽቦ አንዲት ክር እንኳ እንዳትነካው። ከላይ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ሲጠቀልሉ ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይውጡ፤ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የላይኛው የታችኛውን ይደርባል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ቢንጠለጠል ውኃው እዚያው ይንጠባጠባል። ሁለት ኤልኤንቢ የሚያገናኝ ስዊች ካለ ከጣሪያ ክዳን ሥር ይግባ።

አሮጌ ኬብል ውኃ ገብቶት እንደሆነ ጃኩን ቆርጠው ጥልፉን ይዩ። ከጠቆረ ወይም ወደ አረንጓዴነት ከተለወጠ፣ የሚያብረቀርቅ እስኪያገኙ 30 ሳንቲ ሜትር እየቆረጡ ይሂዱ፤ ሁለት ሦስቴ ተቆርጦም ካልጠራ ኬብሉ ይቀየር።

የማስተካከሉ ሥራ በጠራ ቀን፣ ቢቻል ግንቦት ላይ ይሁን። ሪሲቨሩ ላይ ከሚታዩት ሁለት መስመሮች የሚከታተሉት ኳሊቲ የሚለውን ነው፤ ሌላኛው ኬብሉ ስለተገናኘ ብቻም ከፍ ሊል ይችላል። የመጨረሻውን ቁጥር ከሪሲቨሩ ጀርባ ይጻፉት፤ በደረቅ ቀን ከዚያ ዝቅ ብሎ ካገኙት መጀመሪያ ጃኩን፣ ቀጥሎ የማቆሚያውን ብሎን ይፈትሹ።