እንጦጦ በጥቅምት፦ መጀመሪያ ማርያም፣ ፓርኩ ይደርሳል

አሁን አሁን እንጦጦ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ፓርኩ ነው። ሳይክሉ፣ ፈረሱ፣ ፎቶው። ይሁን፣ ፓርኩ አይከፋም። በጥቅምት የምትወጡ ከሆነ ግን መጀመሪያ እንጦጦ ማርያም ግቡ፤ ፓርኩ የትም አይሄድም።

ለምን በጥቅምት? ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ሣሩ ግን ገና እንደለመለመ ነው። አየሩ ስለጠራ ከተማው ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አደዩ መርገፍ ቢጀምርም መንገድ ዳር ዳሩን አይጠፋም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወቅቱ ጽጌ ነው፣ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት ጾም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት ማኅሌተ ጽጌ፣ ማለትም የሌሊቱ ዝማሬ፣ ይቆማል፤ ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል።

እንደ እኔ ሌሊቱን ሙሉ መቆም የማይችል ሰው ወደ ማለቂያው ቢደርስም አይቆጨውም። ከበሮው መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ ጸናጽሉ ከሥር ከሥር ይከተለዋል፣ መቋሚያው አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይላል፣ ከዚያ ወረቡ እየፈጠነ እየፈጠነ ሄዶ እንቅልፋቸውን ሲታገሉ የነበሩት እናቶች ሳይቀሩ ማጨብጨብ ይጀምራሉ። ትኬት የለው፣ መድረክ የለው። ነጠላ ልበሱ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱት።

ብርዱ ግን ቀልድ አይደለም። ተራራው ከ3000 ሜትር በላይ ነው። "በጥቅምት አንድ አጥንት" ያሉት አባቶች ጽጌን የሚጾመው ሰው በምን ይሙቅ እንደሆነ አልነገሩንም። ጋቢ ያዙ፣ ሌላ መላ የለውም።

ከቅዳሴ በኋላ ሙዚየሙን እዩት፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የምኒልክና የጣይቱ አልባሳትና መገልገያዎች አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.። እቴጌ ጣይቱ ደግሞ በሁለት ቀን ልዩነት፣ ጥቅምት 27 ዘውድ ጫኑ። ቀኑን ልብ በሉልኝ፣ ጽጌ መሆኑ እኮ ነው! ይህን እያሰባችሁ ግቢው ውስጥ ስትቆሙ ታሪኩ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ወጥቶ አጠገባችሁ ይመጣል። ያ ሁሉ መኳንንት፣ ያ ሁሉ ሠራዊት፣ በዚህ ብርድ የት አድሮ ይሆን?

ቀጥሎ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል እብነ በረድ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ጭቃ ግድግዳ ነው፣ ነጭ የተቀባ፤ ጣሪያውን የተሸከመው ደግሞ እንጨት ነው። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። እኔ ግን የወደድኩት ለዚሁ ነው። ግድግዳውን በእጃችሁ ስትነኩት ይቀዘቅዛል፣ ቀና ስትሉ የእንጨቱ አጣጣል ይታያል፣ የአድዋው ንጉሥ እዚህ ቤት ውስጥ እንደኖሩ ማመን ያቅታል። ቤተ መንግሥቱ ኋላ ወደ ፍልውሃ ለምን እንደወረደም ብርዱ ራሱ ያስረዳችኋል። አስጎብኚ ካገኛችሁ ያዙ፤ ያለሱ ዞር ዞር ብሎ መውጣት ነው የሚሆነው።

ፓርኩ? መንገዱ ንጹሕ ነው፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ደስ ይላል፣ ልጆች ይፈነጥዙበታል። ለኪስ ግን ይከብዳል፣ በተለይ ጨዋታዎቹ። ስንመለስ የገባንበት አንድ ካፌ (ስሙ ይቅር) ለአንድ ሻይ ያስጠበቀን ጊዜ ማኅሌቱን ያስንቃል። በጾሙ ምክንያት ያለ ወተት ቡና ስናዝ ደግሞ አስተናጋጁ ጭራሽ ማኪያቶ ይዞ መጣ። ከዚያ ይልቅ መንገድ ዳር የባቄላ እሸት ገዝቶ እየፈለፈሉ መውረድ ይሻላል።

ለመሄድ ሽሮ ሜዳ ድረስ ታክሲ፣ ከዚያ የእንጦጦ ማርያሙን መያዝ ነው። ነጠላ የረሳ ሽሮ ሜዳ ላይ ይገዛል፣ ገና በጠዋቱ የሚከፍት ሱቅ ካገኘ። ስትወርዱ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ያጋጥሟችኋል፤ እባካችሁ ፎቶ አታንሷቸው፣ መንገድ ልቀቁላቸው። ዕፅዋት የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ ጉለሌ ቦታኒክ ጋርደንን ለሌላ ቀን ያቆየው። ጽድና ወይራውን ከሥር ከሥር እያየ ሊውልበት የሚገባ ቦታ ነው፣ የሰርግ ፎቶ የሚነሡት ካላጣበቡት።