«መርሳትን ይከላከላል» የሚባለው የባክቴሪያ እንክብል፦ ጅማ ላይ ቢገዙት ያዋጣል?

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «10 ቢሊዮን» ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው ሲያሽገው የነበረው የባክቴሪያ ብዛት ነው። መፈለግ ያለበት የመጠቀሚያ ጊዜው እስኪያበቃ በሕይወት የሚቆየው ቁጥር ነው፤ እሱ ካልተጻፈ ይመልሱት። የባክቴሪያውን ስም «ላክቶባሲለስ» ብሎ ዝርያውን የማይጠቅስም እንደዚያው።

ቀጥሎ ሙቀት አለ። «ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ» የሚለው ብልቃጥ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተደርድሮ ካዩ፣ የሚገዙት የሞተ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። በትኩስ ቡና መዋጥም ያው ነው (ጅማ ላይ ይህን ማለት ቢከብድም)። አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ቢያንስ 2 ሰዓት ያራርቀው። የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንካው።

ለመርሳት በሽታስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የአልዛይመር (ዋነኛው የመርሳት በሽታ) ሕመምተኞች አንጀት ውስጥ ቢፊዶባክቴሪያ የሚባለው ጠቃሚ ባክቴሪያ አንሶ አግኝቷል። ግን የታመመ ሰው አበላሉም ይለወጣል፤ መንስኤው የቱ፣ ውጤቱ የቱ እንደሆነ ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢራን ውስጥ 60 ሕመምተኞች ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለ12 ሳምንት በቀን 200 ሚሊ ሊትር ባክቴሪያ የተጨመረበት ወተት ጠጡ፤ የማስታወስ ፈተና ውጤታቸው ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው አገር በአብዛኛው በሽታው ለጠናባቸው እንክብል ሲሰጥ ግን ለውጥ አልታየም። ትንንሽ ጥናቶች ናቸው፤ «ይከላከላል» የሚያሰኝ የለም።

ለአንጀት ብቻ ከሆነ እርጎ ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀላል። ከሂርማታ ገበያ የሚገዛ ጥሬ ወተት ግን ብሩሴላ (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) እና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስይዝ ስለሚችል ይፍላ። ጣት እስኪችለው ይብረድ፤ ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምረው፣ በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ከድነው ያሳድሩት። ሳይበርድ እርሾው ከገባ ባክቴሪያው ይሞትና ወተቱ ሳይረጋ ይቀራል። አይብ ሲሠራ አሬራው ስለሚሞቅ ከባክቴሪያው ብዙው ሊሞት ይችላል፤ እንጀራም ምጣድ ላይ ስለሚበስል ሕያው ባክቴሪያ አያደርስም። ሽሮና ባቄላ ግን አንጀት ውስጥ ላሉት ባክቴሪያዎች ቀለብ ናቸው።

ነጥብ፦ እንክብሉ በአግባቡ ከተቀመጠ ለአንጀት 3 ከ5፣ ለመርሳት 1 ከ5። መርሳት የጀመራቸው አባት ወይም እናት ካሉ፣ የእንክብሉን ገንዘብ ለቪታሚን ቢ12 እና ለታይሮይድ ምርመራ ያውሉት። የሁለቱ ጉድለት መርሳት ያመጣል፣ ቶሎ ከተደረሰበትም ይታከማል።