ስምንተኛዋ ብልቃጥ፦ የፖይሰን ስሌት በአር ሶፍትዌር

ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። የአንቲ ዲ መርፌ ክምችታችንን ከአምና ጀምሮ የምወስነው አር በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው። ወድጄዋለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ሊያሳስተኝ ስለነበር እሱንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

አንቲ ዲ ደማቸው ኔጌቲቭ ሆኖ ፖዘቲቭ ልጅ ለወለዱ እናቶች በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ጊዜው ሲያልፍ ይወገዳል። ስለዚህ ብዙ ማከማቸት ያስፈራል። ማዘዣ በእጁ ይዞ፣ ላብ በግንባሩ ችፍ ብሎ የገባን አባት «አልቋል» ብሎ መመለስ ግን ከዚያ የባሰ ነው።

ቀድሞ በየሰኞው ክምችቱን 5 ብልቃጥ እናደርስ ነበር። ለምን 5 እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የአንድ ዓመት መዝገብ አውጥቼ የተሸጠውን ሳይሆን የተጠየቀውን ቆጠርኩ። ሽያጭ ብቻ ከተቆጠረ ባዶ እጁን የተመለሰው ሰው ከሒሳቡ ይጠፋልና። በ52 ሳምንት 208 ጥያቄ፣ በሳምንት በአማካይ 4 ማለት ነው። የአንዷ እናት ምጥ ከሌላዋ ጋር ተማክሮ አይመጣም፤ ከአማካዩ ተነሥቶ የእያንዳንዱን ቁጥር ዕድል የሚያሰላው የፖይሰን ስርጭት የተባለ ቀመር የሚስማማውም እንዲህ ላለ ቆጠራ ነው።

አር በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጀንትልማን የተጀመረ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ሶፍትዌር ነው። በፍላሽ አምጥቼ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት፤ ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አይፈልግም። ድምር ዕድሉን የሚሰጠው ትዕዛዝ ፒፖይስ ይባላል። መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ አማካዩን ይቀበላል። 5ንና 4ን ስሰጠው 0.7851 አለኝ፤ ጠያቂው 5 ወይም ከዚያ በታች የሚሆንበት ዕድል ነው። የቀረው 0.2149 መድኃኒቱ የሚያንስበት ነው፤ በዓመት 11 ሳምንት ያህል። መዝገቡን ሳገላብጥ መርፌው ያለቀብን 10 ሳምንት ሆኖ አገኘሁት። ያን ዕለት አመንኩት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት «ልጄ፣ 7 ብናስቀምጥ፣ 8 ሰውና ከዚያ በላይ የሚመጣበት ዕድል ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። 8 ጻፍኩ፤ የላይኛውን ጎን እንዲሰጠኝ አማራጩን ቀየርኩ፤ 0.0214 ወጣ። «ጋሼ፣ 2 በመቶ ብቻ ነው» አልኳቸው። ማታ ቤቴ ገብቼ በእጄ ስደምረው አልገጥም አለ። አማራጩ የሚቆጥረው ከ8 በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ 8 ራሱ አይገባበትም። መጻፍ የነበረብኝ 7 ነው፤ መልሱም 0.0511። ከእጥፍ በላይ! የሶፍትዌሩ መመሪያ ይህን በግልጽ ይናገራል፤ የአማራጩ ስም ግን ምንም ፍንጭ አይሰጥም። በማግስቱ ጠዋት ይቅርታ ጠይቄ ትክክለኛውን ነገርኳቸው። «እንኳን ቶሎ ነገርሽኝ፤ በይ 8 ይሁን» አሉ።

ኪውፖይስ የተባለው ወንድሙ ጥያቄውን ገልብጦ ይመልሳል፤ የምፈልገውን ዕድል ተቀብሎ የሚበቃውን ቁጥር ይሰጣል። 0.95ንና 4ን ስሰጠው ያለምንም ማመንታት 8 አለኝ። 7 ብልቃጥ 0.9489 ላይ ስለሚቆም ለጥቂት አይደርስም። ያቺ አንዲት ብልቃጥ እጥረቱን በዓመት ከሁለት ሳምንት ተኩል በላይ ከነበረው ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ታወርደዋለች። ለእኔ የሶፍትዌሩ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ኤክሴል ያለው ሰው በእሱም መሥራት ይችላል። የመጨረሻውን ምርጫ በ«እውነት» ፋንታ «ሐሰት» ካለ ግን የሚያገኘው ልክ 8 ሰው የሚመጣበትን 0.0298 ብቻ ነው፤ የላይኛውን ጎን ለማግኘትም ከ1 መቀነስ አለበት።

አርን ለሚጭን ሰው አንድ መሞከሪያ ልስጥ፦ በፒፖይስ 8 ብሎ 4 ሲያስገባ 0.9786 ከወጣ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። 0.0996 ከወጣ ቁጥሮቹን አቀያይሯቸዋል፤ ሶፍትዌሩ በዚህ ጊዜ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።